የደረስጌ ጦርነት በአንድ ጠረጴዛ ላይ



የመጽሔቱ አዘጋጆች "ስለ ሙያሽ አንድ ነገር ጻፊ" ሲሉኝ እሺ አልኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር የማታውቁት ነገር እኔ ዘንድ የለም። ስለዚህ ስለ ሌላው ሥራዬ ልጻፍ። ቤቴ የመጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሳሎኑን ግማሽ የያዘው ጠረጴዛ ነው። ባለቤቴ "የሰሜን ተራራ ምግብ ቤታችን ገባ" ይላል፣ ልጆቼ ደግሞ "የእማዬ ጦርነት" ይሉታል። ጠረጴዛው አንድ ሜትር ከሰማንያ በአንድ ሜትር ከሃያ ነው። በላዩ ላይ ገደል አለ፣ የገብስ ማሳ አለ፣ ክብ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ የሳር ጎጆዎች። ጊዜው የካቲት 1847 ዓ.ም ነው። ቦታው ደረስጌ።

ነገሩ ጨዋታ ነው፣ ግን ታሪክ ያለው ጨዋታ ነው። ከታሪኩ ልጀምር።

ጦርነትን ጠረጴዛ ላይ ማምጣት የነገሥታት ሥራ ሆኖ የጀመረ ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ሉቯ በ1668 እ.ኤ.አ. የጠረፍ ምሽጎች በሞዴል እንዲሠሩ አደረገ። ከእንጨት፣ ከወረቀት፣ ከሐርና ከአሸዋ የተሠሩ፣ እውነተኛው 600 ሜትር በሞዴሉ አንድ ሜትር የሚሆንባቸው ሙሉ ከተሞች ናቸው። ንጉሡ ፓሪስ ሆኖ ጠረፉን ያይባቸው ነበር። ዛሬም እዚያው ፓሪስ ኢንቫሊድ በሚባለው ሕንፃ ይታያሉ።

በ1812 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራይስቪትስ የሚባል የፕሩሲያ ሰው ለንጉሡ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ አቀረበ። ጠረጴዛው መሳቢያዎች አሉት፤ በውስጣቸው ከጀሶ የተሠሩ፣ ቀለም የተቀቡ የመሬት ቁራጮች ተቀምጠዋል። ኮረብታው፣ ወንዙ፣ መንገዱ እየተገጣጠመ የፈለጉት አገር ይሠራበታል። ልጁ በ1824 ጨዋታውን ወደ ካርታ ለወጠው፤ መለኪያው አንድ ለ8,000 ሆነ፣ የተኩሱን ውጤት ዳይስ ይወስነው ጀመር። የጦሩ አዛዦች ወደዱትና መኮንኖች እንዲሠለጥኑበት አደረጉ። ከዚያ በኋላ በ1913 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ የአሻንጉሊት ወታደሮችን ይዞ ወለል ላይ የሚጫወቱበትን ደንብ በመጽሐፍ አወጣ፤ ጨዋታውም ከመኮንኖች እጅ ወጥቶ ሳሎን ገባ። ዌልስ በዚያው መጽሐፉ ትንሹን ጦርነት የሞከረ ሰው ትልቁ ጦርነት ምን ያህል ጅልነት እንደሆነ ይገባዋል ይላል። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። መጽሐፉን ያነበቡት ሳይሰሙት ቀሩ ማለት ነው።

እኛስ? እኛም ነበረን። ሰንጠረዥ የመኳንንቱ ጨዋታ ነበር። የትግሬው ገዢ ራስ ወልደ ሥላሴ እጅግ ይወዱት እንደነበር የአውሮፓ ተጓዦች ጽፈዋል። የእኛ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ "ወረራ" ይባላል። መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደፈጠነ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ከመታ በኋላ ነው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የዘመነ መሳፍንት ዘመቻ ማለት እኮ ይኸው ነው። ማን ቀድሞ ደረሰ ነው ነገሩ። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ ይችሉ እንደነበር ይነገራል። የጣይቱ አባት ብጡል የደጃዝማች ውቤ ወንድም ናቸው፣ የሰሜን ሰው። መቀሌ ላይ ምሽጉን በውሃ ጥም የያዙት እቴጌ ከዚህ ከሰሜን ቤት መውጣታቸውን ሳስብ ጠረጴዛዬ ትክክለኛ ቦታ ላይ እንዳለ ይሰማኛል።

አሁን ወደ ደረስጌ።

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን ገዝተው፣ በምጽዋ በኩል ጠመንጃ እያስገቡ፣ በዘመናቸው ብዙ ነፍጥ ካላቸው መሳፍንት አንዱ ነበሩ። ደረስጌ ላይ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በሥራው ላይ ጀርመናውያኑ ዊልሄልም ሺምፐርና ኤድዋርድ ዛንደር እጃቸው እንዳለበት ይነገራል፤ ሺምፐር እንደምታውቁት የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፣ ስሙ በብዙ የአገራችን ዕፅዋት የላቲን ስም ላይ አለ። ውቤ እዚያ ሊነግሡ አስበው ነበር። ግን የቋራው ካሣ ጉር አምባ ላይ ደጃች ጎሹን፣ ቀጥሎም አይሻል ላይ ራስ ዓሊን አሸንፈው ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዞሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም ደረስጌ ላይ ተገናኙ። ውቤ ተሸነፉ፣ ተያዙም። በቀናት ውስጥ አቡነ ሰላማ ካሣን "ቴዎድሮስ" ብለው ቀቧቸው። የተቀቡትም ውቤ ለራሳቸው ዘውድ ባሠሩት በዚያው በደረስጌ ማርያም ነው። አንዱ የሠራው ቤት ሌላው የነገሠበት ሆነ።

እንግዲህ ይህን ነው ጠረጴዛ ላይ ያመጣሁት። አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ጡረታ የቀረባችሁ ትሞክሩት ይሆናል።

መጀመሪያ መለኪያ ነው። የምጠቀምባቸው ወታደሮች 28 ሚሊ ሜትር ቁመት አላቸው። 170 ሳንቲ ሜትር የሆነን ሰው 28 ሚሊ ካደረግነው መለኪያው አንድ ለ60 ገደማ ነው። ስለዚህ ስድስት ሜትር ስፋት ያለው ጎጆ አሥር ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ በሩ ሦስት ሳንቲ አይሞላም። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። በዚህ መለኪያ ጠረጴዛዬ በሙሉ 108 ሜትር በ72 ሜትር ብቻ ነው፣ ከእግር ኳስ ሜዳ ብዙም አይበልጥም። ጦርነት እዚያ አይገባም። ስለዚህ ጨዋታው ሁለት መለኪያ ይዞ ይሄዳል፤ ቤቱና ሰው በአንዱ፣ መሬቱ በሌላው። አንድ ወታደር ሃምሳ ወታደር ነው እንላለን፣ አንድ ጎጆ ደግሞ አንድ መንደር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ተራራው ከጀሶ ፋሻ ነው። አዎ፣ ያው የአጥንት ክፍሉ ፋሻ። የተጨማደደ ጋዜጣና የካርቶን ቁራጭ ትከምራላችሁ፣ ፋሻውን በውሃ ነክራችሁ ታለብሱታላችሁ፣ በማግሥቱ ገደል ሆኖ ይጠብቃችኋል። (ፋሻውን ከመድኃኒት ቤት በገንዘቤ ነው የገዛሁት፤ ከባቻችን ኦዲተር የሆነ ካለ ይመዝገብልኝ።) ይህን ሳደርግ አንድ ነገር ገረመኝ። የጀሶን ፋሻ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያወጣው ማታይሰን የሚባል የኔዘርላንድ የጦር ሐኪም ነው። በጦር ሜዳ በሰፊው የተጠቀመበት ደግሞ ሩሲያዊው ፒሮጎቭ ነው፣ በክሪሚያ ጦርነት፣ በሴባስቶፖል ከበባ፣ በ1854 እና በ1855። ልብ በሉ፤ ደረስጌ ላይ ውጊያው ሲካሄድ ፒሮጎቭ ሴባስቶፖል ላይ ቁስለኛ በደረጃ እየለየ ጀሶ ይጠቀልል ነበር። ቴዎድሮስም በኋላ ጋፋት ላይ ያስጣሉትን ትልቁን መድፍ ሴባስቶፖል አሉት። የከተማው ስም እኛ ዘንድ የደረሰው በመድፍ ነው። ፋሻው የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ቤቱ ግድግዳው ካርቶን ነው። በላዩ ላይ ጀሶ፣ ኮላና የተነፋ አሸዋ ለውሼ እመርጋለሁ፣ በጣም ደቆ የተከተፈ የጤፍ ጭድ ጣል አደርግበታለሁ። እውነተኛው ምርጊት ላይ ጭዱ ብቅ ብቅ ይላል አይደል? ሲደርቅ መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ እቀባዋለሁ። ከዚያ ብሩሹን ፈዘዝ ባለ ቀለም አስነክቼ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ ዳበስ ዳበስ። ከፍ ያለው ይፈካል፣ ስንጥቁ ጨለማ ይቀራል፤ ዐይን ሻካራ ነው ብሎ ያምናል። የግድግዳው እግር የዝናብ ፍንጣሪ ስለሚመታው ይጠቁራል። መሬቱ የቡና አተላ ነው፤ በፀሐይ ደርቆ በኮላ ሲበተን የደጋ አፈር ቁርጥ ነው። ቡናችን በቀን ሦስት ጊዜ ስለሆነ አፈር አልቸገረኝም።

ጣሪያው ቃጫ ነው። እንደ እውነተኛው ክዳን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ አንዱ የሌላውን ራስ እየሸፈነ። ከላይ ከጀመራችሁ ዝናብ ያስገባል፣ ሞዴል ቢሆንም ያስታውቃል። አዲስ ክዳን ወርቅማ ነው፣ የከረመው አመድ ይመስላል። በመንደር ውስጥ ሁሉም ቤት በአንድ ዓመት አይከደንምና ቀለማቸውን አለያያለሁ። ጫፉ ላይ የእንስራ ስባሪ ይደፋል። ግጭ ላይ ቤት የሚከደንበት ጓሳ ነበር፤ የግጭ ሰዎች በ2008 ዓ.ም ከፓርኩ ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ፣ በዓመቱም ሰሜን ተራሮች በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ወጣ። ለፓርኩ ደግ ሆነ። ግን የዚያ ሜዳ ጎጆ ዛሬ የሚገኘው በፎቶና በሰው ትዝታ ነው፣ ምናልባት ደግሞ እኔ ጠረጴዛ ላይ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ጥሩ እጅ አለኝ ለማለት አይደለም። ጨዋታውን ለሁለት ዓመት አቋርጬው ነበር።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ ሲደርስ ቁስለኛው ወደ ጎንደር መጣ። ብዙዎቻችሁ እዚሁ ነበራችሁ፣ አላወራላችሁም። በዳባት ወረዳ ጭና ተክለ ሃይማኖት ላይ ከመቶ በላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ ተብሎ በዓለም ዜና ተነገረ። ጭናን ከዚያ በፊት የማውቀው በቲቲፒ ጊዜ እንደሰማሁት ስም ነው። ያን ሰሞን ሌሊት ቤቴ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ጎጆዎች ማየት አቃተኝ። በጨዋታው ደንብ ጎጆ ማለት "መከለያ" ነው። ውስጡ የገባ ወታደር በቀላሉ አይመታም፣ ሊቃጠልም ይችላል፤ ዳይስ ትጥላለህ፣ አምስት ወይም ስድስት ከመጣ ነደደ። ይኸው ነው። አንሶላ አለበስኩትና ተውኩት።

ወደ ጠረጴዛው የመለሰኝ አንድ በሽተኛ ነው። ከዳባት በኩል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ፣ እግራቸው ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነበሩ። ስኳራቸውን ልከታተል ስመላለስ ተላመድን። አንድ ቀን ስልኬን ከፍቼ የሠራኋቸውን ጎጆዎች አሳየኋቸው፤ ያስቃቸዋል ብዬ ነው። አልሳቁም። ስልኩን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ቆዩ።

"ደግ ነው፣ ደግ ነው። ክዳኑ ይበል ነው" አሉ። ቀጥለው፣ "በሩን ግን ለነፋሱ ሰጥተሽዋል፣ ልጄ።"

"ይስተካከላል፣ አባቴ።"

"ጎታውስ የት አለ?"

"ውስጡን አልሠራሁትም። ከውጭ ብቻ ነው።"

"ማን አለበት?"

"ማንም የለበትም፤ ጨዋታ ነው።"

ስልኩን መለሱልኝ። "እንግዲያማ ኦና ነው የሠራሽው" አሉኝ። ቁጣ የለበትም፣ እንደ ምርመራ ውጤት ነው የነገሩኝ።

እንግዲህ በታሪክ ትምህርትም፣ በጨዋታ ደንብም፣ እኔም ራሴ የዘለልኩት ይህን ነው። በዘመነ መሳፍንት ጦር ስንቁ ገበሬ ነበር። ወታደር የሚያድረው በሰው ቤት ነው፣ የሚበላው የሰው ጎተራ ነው። ያ አንድ ጎጆ አንድ መንደር ይወክላል ያልኳችሁ፣ መንደሩ ደግሞ የጦሩ ቀለብ ነው። ቴዎድሮስ ደረስጌ ላይ ሲነግሡ ከመጀመሪያዎቹ ሐሳቦቻቸው አንዱ ይህን መቁረጥ ነበር፤ ወታደሩ ደመወዝ ይቁረጥ፣ ዝርፊያ ይቅር፣ ገበሬው ወደ እርሻው ይመለስ አሉ። በኋላ ራሳቸው አልቻሉበትም። ገንዘቡ አልነበረም፣ ዐመፁ አልበረደም፣ ቤጌምድርን ያጠፋው የራሳቸው ጦር ሆነ። የታላቁን ንጉሥ ታሪክ ከጎጆው በር ላይ ቆመን ብናነበው ሕልሙም ውድቀቱም እዚያው ይታያል።

የሐኪሙም ታሪክ እዚያው ነው። በ1858 ዓ.ም ቆራጣ ላይ የሰፈረውን የቴዎድሮስን ጦር ኮሌራ መታው፣ ሰፈሩንም አስለቀቀው። በክሪሚያም ከጥይት ይልቅ የገደለው በሽታ ነበር። የጨዋታው ደንብ ግን በሽታ የለውም። ወታደር ይመታል እንጂ አያተኩሰውም፣ አያስቀምጠውም።

እኛ ደግሞ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣን ሰዎች ቤትን በሌላ መንገድ ነው የተማርነው። ኮሌጃችን በ1947 ዓ.ም ሲቋቋም ከደረስጌ ልክ መቶ ዓመት ሞልቶ ነበር። ያቋቋመው አንዱ ምክንያት ከዚያ በፊት ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነው። ከመጀመሪያውም ትምህርቱ የቡድን ነበር፤ ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷ፣ ሳኒታሪያኑ አብረው ወደ ገጠር ይወርዳሉ። እኛም በተራችን ዳባት ቲቲፒ ወጣን። ትዝ ይላችኋል? ብርዱ፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት፣ ጠዋት ጠዋት የቤቶችን ቁጥር በጠመኔ እየጻፍን ንድፍ ካርታ ስንሠራ። መጠየቂያችን አጭር ነበር። ስንት ሰው ያድራል? ከብት አብሮ ያድራል? ጭስ መውጫ አለው? ውሃ ከየት ነው? ሽንት ቤትስ? በ1989 ዓ.ም የተጀመረው የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትልም መነሻው ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ቁጥር አለው፣ ማን እንደተወለደበት፣ ማን እንደሞተበት ይመዘገባል። የጦር ካርታም ቤትን ይቆጥራል። ልዩነቱ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው።

ሽማግሌው ድነው ከወጡ በኋላ አንሶላውን አነሣሁት። ጎጆዎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ጣሪያው አሁን ይነሣል። ውስጡን በጥላሸት አጠቆርኩት፣ ምሰሶ አቆምኩ፣ ምድጃና መደብ ሠራሁ፣ ጎታ አስቀመጥኩ፤ የጎታው ቁመት ሁለት ሳንቲ ነው። በሮቹን ከነፋሱ አዞርኩ። በየቤቱ ሰው አለ፤ እናት፣ ልጅ፣ ሽማግሌ፣ አንዷ የታመመች። ደንቡንም ቀየርኩ። ጦር መንደር ሲገባ በቤቱ ያሉት የት እንደሚሄዱ ተጫዋቹ መወሰን አለበት። ጎታው ስንት ጦር ለስንት ቀን እንደሚመግብ ይቆጠራል፣ ሲያልቅ ማን እንደሚራብም ይጻፋል። ከሦስት ቀን በላይ አንድ ቦታ የሰፈረ ጦር የበሽታ ዳይስ ይጥላል። ጨዋታው ዘገምተኛ ሆነ። የወንድሜ ልጅ "አክስቴ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ማንም አያሸንፍም" አለኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እኔ እስከ አርባዬ የፈጀብኝን ደረሰበት።

በዚህ ዓመቱ የመገናኛ በዓላችን ማታ ጠረጴዛውን አዳራሹ ጥግ አቆመዋለሁ። መጫወት የሚፈልግ ይምጣ፤ ውቤን የሚይዝልኝ ከሰሜን ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ካሣን ደግሞ ከደምቢያ ወይ ከቋራ። መምህራኖቻችንም ብትመጡ ክብር ነው፤ እንደ ድሮው ፈተና ላይ እንዳታፋጥጡኝ ብቻ። አንድ ልመና ግን አለኝ። ዳባት፣ ደባርቅ ወይም ቆላ ድባ ቲቲፒ የወጣችሁ፣ ያኔ የሣላችሁት ንድፍ ካርታ ወይም የቤት ፎቶ ከአሮጌ ፋይላችሁ ውስጥ ካለ ይዛችሁ ኑ። ገና ያልሞላኋቸው አራት ጎጆዎች አሉ። በራቸው ወደ የት እንደነበረ፣ ማን ይኖርባቸው እንደነበረ ከእናንተ ልስማ።